ቆላን ደጋ ላይ መትከል፦ የአንድ የደብረ ብርሃን ጓሮ የቃሪያ ጉዳይ

መነሻ

ደብረ ብርሃን ላይ "ቃሪያ ልተክል ነው" ብትሉ ከሁለት አንዱ መልስ ይደርሳችኋል። አንዱ "ተው፣ ብርዱ አያበቅለውም" ነው። ሌላው "ላስቲክ አልብሰው፣ ያበቃል" ነው። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ይህን የማውቀው ሁለቱንም ምክር ለአንድ ጓሮ የሰጠሁት እኔው ስለሆንኩ ነው።

በሙያዬ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ብዙ የሠራሁት ግን ገብስና ባቄላ ላይ ነው። ስለ ቃሪያ የማውቀው ቆላ ወረዳ በተመደብኩባቸው ጥቂት ዓመታት ያየሁትን ያህል ነበር። ጓሮው የጎረቤቴ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሰፈር እንደምጠራቸው "እትዬ" እላቸዋለሁ። ልጽፈው እንደሆነ ስነግራቸው፣ "ጻፈው፤ ግን የሞቱብኝን ችግኞች ቆጥረህ እንዳታሳጣኝ" አሉኝ። ይቅርታ እትዬ፣ ቆጥሬአለሁ።

ጓሮውና ባለቤቷ

እትዬ ተወልደው ያደጉት ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው። ባለቤታቸው ሥራ ሲቀይሩ ቤተሰቡ በ2009 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዞን፣ በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው። በመኪና ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል መውረድ ነው። ለተክል ግን ሌላ አገር ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በሁለቱ መካከል ወደ 9 ወይም 10 ዲግሪ ልዩነት አለ። ጣርማ በር ላይ ጋቢ የሚለብስ ተሳፋሪ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን የሚፈታው ለዚህ ነው።

ጓሮው ትንሽ ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ ሲዘንብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግቢው ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ከታች በኩል ጥቅጥቅ ያለ የብሎኬት አጥር አለ። ይቺ አጥር በኋላ ትመጣለች።

ዘሩ የመጣው ከእትዬ እናት ቤት ነው። እናትየው በየዓመቱ ከጤነኛ ተክል ላይ ጥሩ ጥሩውን ቀይ ፍሬ ለይተው ያስቀምጣሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ቃሪያና በርበሬ አንድ ተክል ናቸው። በአረንጓዴነቱ ሲቀጠፍ ቃሪያ፣ ቀልቶ ሲደርቅ በርበሬ። ስለዚህ ፀሐይ ላይ የደረቀ፣ ያልታመሰ በርበሬ ዘሩ ይበቅላል። የታመሰ ግን ሞቷል፤ አትድከሙ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ግንቦት 2010

እትዬ ከቆላ ዘሩን ብቻ አላመጡም። የዘር ቀኑንም ይዘው ወጡ።

እናታቸው ቤት ችግኝ የሚፈላው በግንቦት ነው። ክረምቱ ሲገባ ይዛወራል፣ በጥቅምትና በኅዳር ይቀላል። እትዬም እንደለመዱት በግንቦት መጀመሪያ መደብ ላይ ዘሩ። ቆላ ላይ በሳምንት የሚወጣው ዘር እዚህ ከ20 ቀን በላይ ፈጀ። ይህ የዘሩ ጥፋት አይደለም። የበርበሬ ዘር አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሆን በ8 ቀን ገደማ ይወጣል። 15 ዲግሪ ሲሆን 25 ቀን ገደማ ይወስድበታል። ከ10 ዲግሪ በታች ደግሞ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ 60 ያህል ችግኝ ተዛወረ። የአብዛኛው ቦታ የግቢው ታችኛው ጫፍ፣ አጥሩ ሥር ነበር። "ነፋስ እንዳይነካው" ተብሎ ነው። መደቡ ጠፍጣፋ ስለነበር ውሃ አቆረ። ችግኙ ቢጫ ሆነ። ጋሼ፣ ማለትም ባለቤታቸው፣ አዝነው ለገብስ ከተገዛው ዩሪያ ማዳበሪያ እፍኝ እፍኝ ጨመሩለት። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተንዠረገገ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አደነቀ። አበባ ግን የለም።

አበባው የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። አብዛኛው ረገፈ። የያዙት ጥቂት ፍሬዎች አጫጭርና ጠማማ ነበሩ። አንዱን በቢላ ስሰነጥቀው ውስጡ ባዶ ነው፤ ዘር የለውም። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ቃሪያ የሚያብብበት ሌሊት ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ዱቄት ይዳከማል። አበባው ወይ ይረግፋል፣ ወይ ዘር የሌለው ኩርምት ያለ ፍሬ ይይዛል። ዘር አልባው ፍሬ "ሌሊት በረደኝ" የሚል ደብዳቤ ነበር።

ጥቅምት 26 ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለው ነበር። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ሌሊት ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ጠዋት አመዳዩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ቃሪያው የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ቀትር ላይ ጠቆረ። ገብስና ባቄላ ብርድ ለምደው ኖረዋል። ቃሪያ ግን ጥንተ ዘሩ ከሞቃቱ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከውርጭ ጋር ትውውቅ የለውም።

አንድ ነገር ግን ገረመን። ከቤቱ አጠገብ፣ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር የነበሩ ስምንት ተክሎች ተርፈዋል። ከታች አጥሩ ሥር ያሉት በሙሉ አልቀዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። የብሎኬቱ አጥር መውጫ ከልክሎት እዚያው አቆረው። ነፋስ መከላከያ ብለን የመረጥነው ቦታ የብርድ ኩሬ ነበር።

የተረፉትን ስምንት እትዬ ማታ ማታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይሸፍኑ ጀመር። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀች ናት፤ ቃሪያውም ድርሻውን አገኘ። ሁለት ሌሊት ሠራ። በሦስተኛው ብርድ ልብሱ ጤዛ ጠጥቶ ከበደና ግንዱን ሰበረው። ከጨርቁ ሥር እንጨት ተክሎ ማንጠልጠል ይገባ ነበር።

ጠቅላላ ምርት፦ 17 ቃሪያ። ለሁለት ቀን ስንግ ሆነ።

እትዬ ለእናታቸው ስልክ ደውለው ሲነግሩ አጠገባቸው ነበርኩ። ከወዲያ የመጣው ድምፅ ይሰማኛል። "ልጄ፣ በርበሬን ማን ደጋ ያወጣዋል? እሱ እኮ ወባ አይፈራም እንጂ ብርድ ይፈራል።"

ሁለተኛው ሙከራ፦ ጥር 2011

በዚህኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ያጠፋሁትም ያወቅሁትም እዚህ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠርን። ውርጭ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ ያሰጋል። አንጻራዊ ሙቀት ያለው ጊዜ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ነው። ስለዚህ አበባው ግንቦት ላይ እንዲውል ከተፈለገ ችግኙ በመጋቢት መዛወር አለበት። ችግኝ በብርድ አገር ለማደግ ሁለት ወር ተኩል ይፈልጋል። ስለዚህ ዘሩ በጥር መዘራት አለበት። ውርጩ ገና ሳይለቅ ማለት ነው። ውጭ መዝራት አይቻልም።

ሙቀት የት አለ? ማድ ቤት። እትዬ በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ ይጋግራሉ። የቤቱ ግድግዳ እስከ ማግሥቱ ለብ እንዳለ ይቆያል። ዘሩን በተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች ዘርተን ከምጣዱ ራቅ ብሎ መደርደሪያ ላይ አደረግነው። ለማወዳደር ሁለት ጀሪካን ሳሎን መስኮት ላይ ተቀመጠ። የማድ ቤቱ በ9 ቀን ወጣ። የመስኮቱ 19 ቀን ፈጀበት።

ደስታችን አልቆየም። ማድ ቤቱ ጨለማ ነው። ቡቃያው በሦስት ቀን ውስጥ እንደ ምስር ብቅል ነጥቶ፣ ቀጥኖ፣ ተጋደመ። ግማሹን ጣልነው። ዘር ለመውጣት ሙቀት እንጂ ብርሃን ብዙም አያስፈልገውም። ከወጣባት ቀን ጀምሮ ግን ከምንም በላይ ብርሃን ይፈልጋል። አንገቱ ብቅ ሲል ያንኑ ቀን ወደ ብርሃን ማውጣት ነው። እኛ ሦስት ቀን ቆየን።

የተረፉትን ቀን ቀን ፀሐይ ላይ እያወጡ፣ ማታ ማታ እያስገቡ እትዬ አሳደጓቸው። ከመዛወራቸው በፊት አሥር ቀን ያህል ውጭ የሚቆዩበትን ሰዓት ቀስ በቀስ እያስረዘምን አላመድናቸው። መጋቢት 20 ላይ 24 ችግኝ ተተከለ።

የተተከለው እኔ ባቀድኩት የላስቲክ ቤት ውስጥ ነው። አራት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል። ባህር ዛፍ ቋሚ፣ ላስቲክ ግድግዳ፣ ላስቲክ ጣሪያ፣ አንዲት ትንሽ በር። ቦታውን የመረጥኩት ከብርዱ ኩሬ ርቆ፣ ግቢው መሃል ላይ ነው። አምና ድንች የነበረበት ለም መሬት። በልቤ ተኩራርቻለሁ።

እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ ተክሉ ያምራል። ግንቦት ላይ አበባው ፈነዳ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት መሬቱ በረገፈ አበባ ይሞላ ጀመር። እኔ ያለ ጥርጥር "ብርድ ነው" አልኩ። በሩን እንዲዘጉ፣ ቀዳዳውን እንዲደፍኑ ነገርኳቸው። መርገፉ ባሰ።

እትዬ አንድ ቀን ቀትር ላይ ጠርተው አስገቡኝ። "እስቲ እዚህ ትንሽ ቁም" አሉኝ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላብ አጠመቀኝ። "ሮቢት እንኳ እንዲህ አይደለም" አሉ። በማግሥቱ ሙቀት መለኪያ ተውሼ ሰቀልኩ። ቀትር ላይ ውስጡ 41 ዲግሪ። ሌሊት 9። ውጭው ሌሊት 8 ነበር።

ሁለቱም ቁጥር አሳፈረኝ። ቃሪያ ከ32 ወይም 35 ዲግሪ በላይም አበባውን ይጥላል። ስለዚህ ቀን በሙቀት፣ ሌሊት በብርድ እየቀጣነው ነበር። ላስቲክ ቀን ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊት ግን ብቻውን እምብዛም አይጠቅምም። የያዘውን ሙቀት የሚያስቀምጥበት ነገር ከሌለ ፀሐይ ከጠለቀች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይወጣል። ያለ መለኪያ ሠርቼ ምክር በመስጠቴ አንድ ወር አበባ በከንቱ ሄደ።

ከሦስት ሰዓት ጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ሁለቱንም ጫፍ መክፈት ጀመርን። ሌላም ተጨመረ። ላስቲክ ቤት ውስጥ ነፋስ የለም፤ ንብም አይገባም። ቃሪያ አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ግን የሚነቀንቀው ይፈልጋል። እትዬ ረፋድ ላይ እያንዳንዱን ግንድ በጣታቸው ጠንቆል ጠንቆል ያደርጉታል። ፍሬ መያዝ ጀመረ።

ሰኔ ላይ ሁለተኛው መቅሠፍት መጣ። ተክሎች በጠራራ ፀሐይ ይጠወልጋሉ፣ ማታ ይነሳሉ፣ በሦስተኛው ቀን አይነሱም። እትዬ ውሃ ጠማው ብለው ጨመሩ። እኔም አላስቆምኳቸውም። ከ24ቱ 9 ሞቱ።

አንዱን ነቅለን አየነው። ሥሩ ቡናማና ሙሽሽ ያለ ነው። ከአፈሩ በላይ ያለው የግንዱ አንገት ጠቁሯል። ግንዱን ቆርጠን ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልነው። ከተቆረጠው በኩል ወተት የመሰለ ክር ቢወርድ በሽታው የባክቴሪያ አጠውልግ ነው ማለት ነው። አልወረደም። የአንገቱ መጥቆርና ውሃ የጠገበው መረሬ ወደ ሥር አበስባሽ ፈንገስ ይጠቁማሉ። ላቦራቶሪ አልላክንም፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጥፋቱ ግን ግልጽ ነበር። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ዘመዳሞች ናቸው፤ ብዙ በሽታ ይጋራሉ። "ለም" ብዬ የመረጥኩት የድንች መሬት ነበር። ያም ሳያንስ መደቡ ጠፍጣፋ ነው። አምናም ውሃ አቁሮብን ነበር፤ አልተማርንም።

ክሽክሽም፣ ቅጠል የሚመጥጠው ጥቃቅን ነፍሳት፣ አልቀረልን። ለብ ያለ፣ ነፋስ የሌለው፣ ክሽክሹን የሚበሉ ሌሎች ነፍሳት የማይገቡበት ቤት ሠርተንለታል። በቅጠል ሥር ተደረደረ። የሳሙና ውሃ ይሠራል አልኩ። ይሠራልም። ግን ምን ዓይነት ሳሙና እንደሆነ አልነገርኳቸውም። የእትዬ ልጅ የልብስ ዱቄት ሳሙና በእፍኝ በጥብጦ በጠራራ ፀሐይ ረጨው። ቅጠሉ ተቃጠለ። በኋላ ተራ የገላ ሳሙና ፍቀን፣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አድርገን፣ ማታ ማታ የቅጠሉን ሥር አጠብን። በማግሥቱ ጠዋት በንጹሕ ውሃ አለቀለቅነው። በየአራት ቀኑ ሦስት ጊዜ ሲደገም ክሽክሹ ቀነሰ።

የዚያ ዓመት ምርት ሁለት ኪሎ ገደማ ሆነ። እናትየው ለጥየቃ መጥተው ቀመሱት። "ይሄ ቃሪያ ነው ጎመን?" አሉ። አላቃጠላቸውም። ውሃ ሲጠግብ የከረመ ቃሪያ ብዙ ጊዜ ለዘብ ይላል።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ታኅሣሥ 2012

ዘር በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ማድ ቤት። በወጣበት ቀን ወደ ብርሃን። እዚህ ላይ ችግር አልገጠመንም።

ትልቁ ለውጥ ቦታው ነው። ኢንተርኔት ላይ "ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሥር ትከል" የሚል ምክር ሞልቷል። ለአውሮፓ ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ወደ ደቡብ የሚያየው ግድግዳ፣ ቃሪያው በሚያብብበት ወር በቀትር ጥላ ይሆናል ማለት ነው። እኛ የመረጥነው ወደ ምዕራብ የሚያየውን የማድ ቤቱን የድንጋይ ግድግዳ ነው። ከቀትር በኋላ ያለውን ፀሐይ ይጠጣል፤ ማታ ይመልሰዋል። በእንጀራ ቀን ደግሞ ከውስጥም ይሞቃል። ላስቲኩን ከግድግዳው ጫፍ ወደ መሬት አጋድመን ዘረጋነው። ታችኛው ጠርዙ ቀን ቀን የሚጠቀለል ነው።

አፈሩን በተመለከተ መረሬውን ተውነው። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎችን ጠርዛቸውን አጥፈን፣ ሥራቸውን በስተን፣ በድንጋይ ላይ አቆምናቸው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ የበግ በጠጥ። የከብት እበት አላገኘንም፤ እዚህ አገር እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል እንጂ ለጓሮ አይተርፍም። ዩሪያ ዝር አላለም። 20 ጆንያ፣ 20 ተክል።

በጆንያዎቹ መካከል ውሃ የሞሉ 12 ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ቆሙ። ጋሼ ጥቁር ቀለም ቀቧቸው። ውሃ ቀን ሙቀት ይሰበስባል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ግንቦት ላይ የመለኪያው ንባብ እንዲህ ነበር። ውጭ ሌሊት 8 ዲግሪ፣ ውስጥ 12 ወይም 13። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ለቃሪያ አበባ ግን የመያዝና የመርገፍ ልዩነት ሆነች። ቀትር ላይ ጠርዙ ተጠቅልሎ 29 ወይም 30።

የመጀመሪያው ቃሪያ ሰኔ 18 ተቀጠፈ። ሲሰነጠቅ ውስጡ በዘር የተሞላ ነው። እትዬ ከቃሪያው ይልቅ ዘሩን አይተው እልል አሉ።

ያልሠራውም አለ። ሐምሌ ላይ በረዶ ላስቲኩን በሁለት ቦታ ቀደደው። በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ ደመና ስለሚሆን የምዕራቡ ግድግዳ ሥራ ፈታ፤ አዲስ ፍሬ መያዝ ቆመ። በሰኔ ውስጥ ቤተሰቡ ለለቅሶ ሮቢት ወርዶ አንድ ሳምንት ቆየ፤ ውሃ እንዲያጠጣ አደራ የተባለው ልጅ ረሳ። ከዚያ በኋላ ፍሬዎቹ ጫፋቸው ላይ ጠቆር ያለ፣ ቆዳ የመሰለ ጠባሳ አወጡ። ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። በሽታ አይደለም። ውሃ ሲቆራረጥ ካልሲየም ፍሬው ጫፍ አይደርስም። ውሃው ሲስተካከልና ጆንያዎቹ የገለባ ጉዝጓዝ ሲለብሱ አዲሶቹ ፍሬዎች ንጹሕ ሆኑ።

ቀይ በርበሬውስ? አርባ ያህል ፍሬ ብቻ ቀላ። ደርቆ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም። ጠቅላላው አረንጓዴ ምርት 11 ኪሎ ገደማ ነው። የሞተ ተክል አንድ።

ሂሳቡ

ሳልደብቅ ልናገር። በገንዘብ ካሰብነው አያዋጣም። የላስቲኩ፣ የቋሚውና የቀለሙ ዋጋ፣ የእትዬ የጠዋት ማታ ልፋት፣ ከ11 ኪሎ ቃሪያ ጋር አይመዛዘንም። ገበያ ላይ ከቆላ የሚመጣ ቃሪያ ሞልቷል። የዓመት በርበሬን ደብረ ብርሃን ጓሮ ውስጥ ማምረት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ አምስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ደርቆ አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚሆነው። ለበርበሬው ወደ ቆላ መውረድ ነው። እትዬም ይህን ያውቃሉ። "እኔ እኮ ለትርፍ አይደለም፤ ጠዋት ስወጣ የእናቴን ጓሮ እንዲሸተኝ ነው" ብለውኛል። ይህን ለማይፈልግ ሰው ጎመንና ድንች ይሻለዋል።

ወደ ሌላ ጓሮ ምን ይሻገራል?

መጀመሪያ ቀኑ። ከሦስቱ ዓመት ሥራ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል የዘር ቀኑን እላለሁ። ዘር ከየትም ይምጣ፣ ቀኑን ግን ከራሳችሁ ውርጭ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከእኛም ከፍ ብላ ባለችው በመሐል ሜዳ ከተማ ያለ ሰው ቁጥሩ ከእኛ የባሰ ጠባብ ይሆንበታል፤ ዝቅ ብላ ባለችው በአልዩ አምባ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም።

ሙቀት መለኪያ ከላስቲክ በፊት ይገዛ ወይም ይዋስ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግበው ዓይነት ቢገኝ ጥሩ ነው። አበባ የሚረግፈው በብርድም በሙቀትም ስለሆነ በዓይን አይለይም። እኔ በዓይኔ ለይቼ ምን እንዳደረግሁ አይታችኋል። መለኪያ ከሌለ ፍሬውን ሰንጥቃችሁ እዩ። ባዶ ከሆነ ሌሊቱን ጠርጥሩ።

ላስቲክ ብቻውን የቀን መሣሪያ ነው። ለሌሊት ድንጋይ ወይም ውሃ ያስፈልጋል።

የሚጠወልግ ተክል ሁሉ ውሃ አልጠማውም። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ውሃ መጨመር መግደል ነው። ይህ ለቆላ ጓሮም ይሠራል። አጣዬም ሆነ ሮቢት መረሬ ላይ፣ ጠፍጣፋ መደብ ላይ፣ ከቲማቲም ቀጥሎ የተተከለ ቃሪያ ያው ነው የሚሆነው። ከፍ ያለ መደብ፣ በመስመሮች መካከል 70፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ እና ከቃሪያ ዘመዶች ጋር ቢያንስ ሦስት ዓመት ማፈራረቅ።

ስለ ዝርያ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። እኛ የሞከርነው አንድ የእናት ቤት ዘር ብቻ ነው፤ ስለሌላው በዚህ ጉዳይ መናገር አልችልም። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ሮኮቶ የሚባል፣ ዘሩ ጥቁር የሆነ፣ ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚችል የቃሪያ ዓይነት አለ። እሱም ቢሆን ውርጭ አይችልም። እኛ ገበያ ላይ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ

እትዬ አሁንም በየዓመቱ በታኅሣሥ መጨረሻ ይዘራሉ። በ2013 በሐምሌና በነሐሴ የሚቆመውን ፍሬ ለማስቀጠል ግማሹን ጆንያ ወደ ምሥራቅ ወደሚያየው ግድግዳ አዛወርን፣ በክረምት ጠዋት ጠዋት ብርሃን ስለሚኖር። ትንሽ ረዳ፤ ፍሬ መያዙ ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ግን የሌሊቱ ሙቀት በሁለት ዲግሪ ወረደ፤ ጀሪካን ጨመርን።

ከሦስተኛው ዓመት ጆንያዎች ሁለቱን ውጭ፣ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ላስቲክ ሳይኖራቸው ትተናቸው ነበር። ለማየት ብቻ ነው። እስከ ኅዳር 3 ቆሙ።